ሲረሳ የሚያስተምር ማሽን

ላንስ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ትዳር የያዘ፣ ትምህርቱን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያቆመ፣ ቤት እየሰረሰረ የሚኖር ሌባ ነው። «ጄትስ» በሚባል የወሮበላ ቡድን ውስጥ ይታወቃል። ይህ ሁሉ ይነገርለት እንጂ ላንስ በሕይወት ኖሮ አያውቅም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ማክሌላንድ በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋ ካደረጋቸው 27 የወረቀት ወሮበሎች አንዱ ነው። ገሚሶቹ ጄትስ፣ ገሚሶቹ ሻርክስ ናቸው፤ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ስሞቹን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ወሮበሎቹ የተፈጠሩት የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስታውስ ለማሳየት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሥራና ቡድን አንድ አንድ ትንሽ አምፖል አለ እንበል። መሐል ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አምፖል ተቀምጦ የዚያን ሰው ነገሮች በሙሉ በገመድ ያገናኛል። አንዱ ሲበራ የተያያዙትን ያበራል፣ ተፎካካሪዎቹን ያደበዝዛል። «ሃያዎቹ» ሲበራ «አርባዎቹ» ይደክማል። ተማሪው «ላንስ» የሚለውን ሲነካ ብርሃኑ እየተሠራጨ ሄዶ ከጥቂት ዙር በኋላ የላንስ ታሪክ ተሟልቶ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም የቀበሌ መዝገብ የሚሠራው ሥራ ነው።

ነገሩ የሚጣፍጠው ገመድ ሲቆረጥ ነው። ላንስን ከ«ሰርሳሪ ሌባ» ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ተማሪው ራሱ ይበጥሰዋል። አሁን ማሽኑ የላንስን ሥራ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሆኖም «ላንስ» ተብሎ ሲጠየቅ ትንሽ ይቆይና «ሰርሳሪ ሌባ» ብሎ ይመልሳል። ከየት አመጣው? የላንስ ዕድሜ፣ ትምህርትና ቡድን እነ ጂምን፣ ጆንንና ጆርጅን ቀስቅሰዋል፤ ሦስቱም ዕድሜያቸው ሃያዎቹ ውስጥ ነው፣ ሦስቱም ጄትስ ናቸው፣ ሦስቱም ቤት ሰርሳሪ ናቸው። ማሽኑ ከባልንጀሮቹ ተነሥቶ ስለ ላንስ ተናገረ። ሰውየው ዕፅ አዘዋዋሪ ቢሆን ኖሮም በዚያው ድፍረት ሌባ ይለው ነበር።

ተማሪው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ማሽኑ አስታወሰ ወይስ ገመተ? የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ዘርግቶ ቢያይ ሁለቱን የሚለይ ነገር አያገኝም። ያው ብርሃን፣ ያው ገመድ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ማስታወስ ማለት ያለፈውን እንደገና መገንባት ነው ብሎ ሲከራከር ያስረዳው በሰዎች አተራረክ ስሕተት ነበር። ያንን ክርክር አንብቦ «ገባኝ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ገመዱን በእጁ ቆርጦ መልሱ አሁንም ሲመጣ ያየ ተማሪ ግን ከዚያ በኋላ የራሱንም ትዝታ ይጠራጠራል።

ማክሌላንድና ዴቪድ ሩመልሃርት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1986 ሁለት ወፍራም ጥራዞች አሳተሙ፤ በ1988 ደግሞ ፕሮግራሞቹ በፍሎፒ ዲስክ የታከሉበት የመልመጃ መጽሐፍ ተከተለ። ተማሪው ስለ ትውስታ የተነገረውን ከማንበብ አልፎ ትውስታ የሚመስል ነገር በጣቱ እንዲነካካ ከተሠሩት ቀደምት የማስተማሪያ ጥቅሎች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት መሣሪያው በዝቷል። የዚህ ዳሰሳ አቅራቢ መሣሪያዎቹን ሲመዝን የያዘው ሚዛን አንድ ነው፤ አንድ ሲሙሌሽን ስለ ትውስታ ይበልጥ የሚያስተምረው ሲሳካለት ሳይሆን ሲሰበር ነው፣ ያውም ተማሪው ምን እንደሚሆን ቀድሞ ገምቶ ግምቱን ካስመዘገበ።

ቃሉ ራሱ ትንሽ መጥራት አለበት። መምህራን «ሲሙሌሽን» ሲሉ ሁለት ነገር ይቀላቅላሉ። በአንደኛው የሚፈተነው ተማሪው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ቃላት ወይም ቁጥሮች ይመጣሉ፣ እሱ ያስታውሳል፣ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ግሬግ ፍራንሲስና ኢያን ኒት ያዘጋጁት ኮግላብ ለዚህ የታወቀ ነው፣ ግን ይከፈልበታል። የኸይስበርት ስቱት ሳይቶልኪት፣ የጆናታን ፒርስ ሳይኮፓይና የጆሽ ደ ሊው ጄኤስሳይክ በነፃ ይገኛሉ። በሁለተኛው ዓይነት ተማሪው ተመልካችና ጎርጓሪ ነው፤ የሚፈተነው ማሽኑ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የሰውን ባሕርይ ያሳያል፣ ሁለተኛው ለዚያ ባሕርይ መነሻ ሊሆን የሚችለውን አሠራር ያሳያል። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ትምህርት ነው፤ ብዙ ክፍሎች ውስጥ የሚሰጠውም ግማሹ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት አባት ኮምፒውተር አይቶ አያውቅም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ 2,300 ያህል ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት ፈጥሮ፣ ራሱን ተማሪም መምህርም አድርጎ፣ የመርሳትን ፍጥነት ለካ። ውጤቱን በ1885 አሳተመ። የለካው እንደገና ለማጥናት የሚተርፈውን ጊዜ ነው፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ 21 በመቶ። መጀመሪያ ቁልቁል፣ ከዚያ ሜዳ። ያፕ ሙሬና ዩሪ ድሮስ በ2015 ሙከራውን ደግመው ያገኙት ኩርባ ከእሱ ጋር በጣም ይቀራረባል።

ይህን ሙከራ በአማርኛ ማካሄድ የሚፈልግ መምህር ግን ገና ከመነሻው ይቸገራል። አማርኛ ተናጋሪ ሦስት ተነባቢ ፊቱ ላይ ሲደረደር ግስ መፈለግ ይጀምራል። ፈጠራው ቃል የአንዱ ግስ ዘመድ ይመስለዋል፣ ትርጉም ይሰጠዋል፣ ትርጉም የለሽነቱም እዚያው ያበቃል። መሣሪያውን ከውጭ አውርዶ ቃላቱን መተርጎም የማይበቃው ለዚህ ነው።

ቁጥርም ቢሆን ያው ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 የጻፈው «7 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2» እንደ ሕግ ይጠቀሳል። በኋላ አለን ባድሌይና ባልደረቦቹ በ1975 እንዳሳዩት ግን፣ ሰው በአጭር ጊዜ ትውስታው የሚይዘው በሁለት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ሊለው የሚችለውን ያህል ነው። ኤሊስና ሄነሊ በ1980 ዌልሽና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎችን ሲፈትኑ፣ ቁጥሮቹ ለመናገር ረዘም በሚሉበት በዌልሽ የሚይዙት ያንስ ነበር። ይህን ወደ ኤክሴል ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቁጥር 0.3 ሴኮንድ ከወሰደ 6 ወይም 7 ይያዛል፤ 0.4 ከወሰደ 5። እንግዲህ «ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እያለ የሚቆጥር ሰው፣ አብዛኛው ቁጥሩ ሁለት ክፍለ ቃል የሆነበት፣ ስንት ይይዛል? ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይገምቱ፣ ቀጥሎ የሰዓት ቆጣሪ ይዘው ንግግራቸውን ይለኩ፣ በመጨረሻ ይፈተኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ቁጥር የሚናገር ሰውም «ዜሮ ዘጠኝ»ን ካለ በኋላ የቀረውን ሁለት ሁለት እያጣመረ «ሰላሳ ሁለት፣ ሰባ አምስት» ማለቱን ያስተውሉ፤ ስምንት ቁጥር አራት ጉርሻ ሆነ ማለት ነው። ማንም አላስተማረውም።

ስለ ሣጥንና ቀስት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሪቻርድ አትኪንሰንና ሪቻርድ ሺፍሪን በ1968 ያቀረቡት ሥዕል፣ የስሜት ሕዋስ ሣጥን፣ የአጭር ጊዜ ሣጥን፣ የረጅም ጊዜ ሣጥን፣ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አለ። የሚረሳው ግን ሞዴሉ በሒሳብ የተጻፈ መሆኑ ነው። ሥዕሉ ብቻ ቀርቶ ሒሳቡ ሲጠፋ ተማሪው ራሱ ውስጥ ሦስት ዕቃ ቤት ያለ ይመስለዋል።

ከሣጥኖቹ ይልቅ ልብ የሚሰቅለው የጆን ሆፕፊልድ መረብ ነው። ሆፕፊልድ በ1982 ያሳተመው ይህ ሥራ በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ለማስተማር ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል ማለት ይቻላል። አሥር በአሥር የሆነ ባለ መቶ ቤት ሠንጠረዥ ይሠመርና «ለ» ይጻፍበት፤ ፊደሉ ያረፈበት ቤት ጥቁር፣ የቀረው ነጭ። እያንዳንዱ ቤት ከሌሎቹ 99 ቤቶች ጋር ዝምድና አለው። ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ቀለም ከያዙ ዝምድናቸው ይጠብቃል፣ ከተለያዩ ይላላል። «ለ»ን መማር ማለት ይኸው ነው። ፊደሉ አንድ ቦታ አልተቀመጠም፤ በዝምድናዎቹ ሁሉ ላይ ተበትኗል።

አሁን የ«ለ» አንድ እግር ይሰረዝና ጥቂት ቤቶች በዘፈቀደ ይጥቆሩ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቤት «ዘመዶችህ ምን እንድትሆን ይሻሉ?» ብሎ እየጠየቀ ቀለሙን ያስተካክላል። ከጥቂት ዙር በኋላ «ለ» ከነእግሩ ብቅ ይላል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ የሚገረሙት በኮምፒውተሩ ብልጠት አይደለም፤ የተቀደደ ፎቶ አይቶ የአክስቱን ልጅ የሚለይ ሰው ትዝ ስለሚላቸው ነው።

ታዲያ መምህሩ እዚህ ካቆመ የጀመረውን አልጨረሰም። መረቡ ልክ አለው። ዘፈቀዳዊ ለሆኑ ሥዕሎች፣ ሥዕሎቹ ከቤቶቹ ቁጥር 14 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ነገሩ ይናዳል፤ ለመቶ ቤት 14 ያህል ማለት ነው። ፊደል ደግሞ ዘፈቀዳዊ አይደለም። «ለ» ላይ «ሉ»፣ «ሊ»ና «ላ» ሲጨመሩ አብዛኛው ቤት የጋራ ስለሆነ ችግሩ ከ14 በጣም ቀድሞ ይመጣል። ተማሪው ግማሽ «ሉ» ሲሰጠው መረቡ የ«ሉ» ቅጥያ ያለው የሚመስል፣ የ«ላ» እግር ያጠረበት የሚመስል፣ ማንም ያላስተማረው ፊደል ይጽፍለታል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ቤት፣ 231ዱን በሙሉ በዚህ መረብ ላስተምር ያለ ሰው የሚያገኘው ጭቃ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ሀሁን ቆጥራ ትወጣለች፤ መንገድ ላይ እሷም «ሉ»ንና «ሊ»ን ብታምታታም። ልጅቷ ያላት፣ መረቡ የሌለው ነገር ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ አንድ ሙሉ የክፍል ጊዜ ይበላል።

መረቡ ሌላም ጉድ አለው። ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ የገለበጠውን «ለ»ም እኩል «ያስታውሰዋል»፤ ሒሳቡ ሁለቱን አይለይም። የእናትህን ፊት አስታውስ ሲባል የፎቶ ኔጋቲቭ የሚመጣለት ሰው የለም። ማሽኑ ከሰው ጋር የሚለያይበት ድንበር እንዲህ ባለ ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ጥሩ መምህርም ድንበሩን አይደብቅም።

በዚህ ዘርፍ ትልቁ ስብራት የተመዘገበው በ1989 ነው። ማይክል ማክሎስኪና ኒል ኮኸን አንድን የነርቭ መረብ ሞዴል በአንድ መደመርን አስተማሩት፣ እሱም በደንብ ያዘ። ከዚያ በሁለት መደመርን አስተማሩት። በጥቂት ዙር ውስጥ በአንድ መደመሩን ረሳው። መርሳት ብቻ አይደለም፣ ተጠርጎ ሄደ። ባርነስና አንደርውድ በ1959 ለሰዎች ተመሳሳይ ፈተና ሰጥተው ነበር፤ ሰዎቹ የቃላት ጥንዶችን ካጠኑ በኋላ ለእነዚያው ቃላት አዲስ ጥንድ ሲማሩ፣ አሮጌውን ግማሽ ያህል ይዘው ቆይተዋል። ሰው ይደበላለቅበታል፣ መረቡ ግን ይታጠባል።

ሞዴሉ ወደቀ ተብሎ ወደ ቅርጫት ቢጣል ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። ማክሌላንድ፣ ብሩስ ማክኖተንና ራንዳል ኦራይሊ ግን በ1995 ጥያቄውን ገለበጡት። እንዲህ ዓይነት መረብ በአዲሱ ትምህርት ከታጠበ፣ አንጎል ከዚህ የሚድነው እንዴት ነው? መልሳቸው አንጎል ሁለት ዓይነት ተማሪ አለው የሚል ነው። ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል የዛሬን ነገር በአንድ ጊዜ ይቀዳል፤ የአንጎል ቅርፊት ደግሞ ቀስ እያለ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀያየጠ ይማራል። የሄንሪ ሞለሰን ታሪክ እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። ለሚጥል በሽታው ተብሎ በ1953 በሃርትፎርድ ከተማ በተደረገለት ቀዶ ጥገና የሁለቱም ወገን ሂፖካምፐስ ትልቅ ክፍል ተወሰደ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ አዲስ ሰው ቢተዋወቅ፣ ደቂቃዎች ቆይቶ አያውቀውም ነበር። የልጅነት ዘመኑን ግን ያወራ ነበር፤ ብሬንዳ ሚልነር በሰጠችው ፈተናም በመስተዋት እያየ ኮከብ መሣልን ከቀን ወደ ቀን አሻሽሏል፣ ከዚያ በፊት ሞክሮት እንደሚያውቅ ሳያስታውስ።

ኦራይሊና ባልደረቦቹ በነፃ ያሠራጩት መማሪያ መጽሐፍ ይህንኑ ሂፖካምፐስ በሲሙሌሽን ያቀርባል። ተማሪው ጥንዶቹን ያስተምረዋል፣ ሁለተኛውን ዝርዝር ይጨምርበታል፣ የመረቡን አወቃቀር እየለወጠ የመጀመሪያው ዝርዝር ምን ያህል እንደተረፈ ያያል። ፕሮግራሙ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ቁልፉ ብዙ፣ ግራፉ ብዙ። ያለ ረዳት መምህር ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሰጥ ዓይነት አይደለም።

ኤክሴል ብቻ ያለው ክፍል ደግሞ ወደ ፒትስበርግ ፊቱን ያዙር። እዚያ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጆን አንደርሰን የመራው አክት-አር የተሰኘ ሞዴል አንዲት አጭር ስሌት አለችው። አንድ ነገር በተለማመዱት ቁጥር አሻራ ይተዋል፤ አሻራው ጊዜ ባለፈ ቁጥር ይደክማል፤ የሚቀረው ጥንካሬ ያለፈው ጊዜ ስኩዌር ሩት ግልባጭ ነው። አሻራዎቹ ይደመራሉ፣ የድምሩ ሎጋሪዝም ይወሰዳል። አበቃ። አንደርሰንና ሌይል ስኩለር በ1991 ይህ ኩርባ ከየት እንደመጣ ሲፈልጉ የኒው ዮርክ ታይምስን ርእሰ ዜናዎች ቆጠሩ። አንድ ቃል ዛሬ ርእስ ላይ የመምጣት ዕድሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየ ባለፉት ቀናት ልክ ይቀንሳል፤ ቅርጹም የመርሳትን ኩርባ ይመስላል። ዓለም የሚረሳውን አንጎልም ይረሳል እንደማለት ነው።

አሁን ስሌቷ በአንድ የአማርኛ ተማሪ ላይ ትሞከር። ሀና ቃሉን ከሰባት ቀን በፊት በአንድ ቀን ሁለቴ አጠናች። ጓደኛዋ ሳሙኤል አንዴ ከ14 ቀን በፊት፣ አንዴ ከሰባት ቀን በፊት አጠና። የሰባት ስኩዌር ሩት ግልባጭ 0.378 ነው፤ የሀና ድምር 0.756 ይሆናል። የ14ቱ 0.267 ስለሆነ የሳሙኤል 0.645 ነው። ስሌቷ «ሀና ትበልጣለች፣ ጥናትን መደራረብ ይሻላል» አለች ማለት ነው።

እውነታው ተቃራኒ ነው። ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ በ2008 ከ1,350 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጥናቱን ማራራቅ ይጠቅማል፤ የተሻለው ክፍተት ፈተናው ከሳምንት በኋላ ሲሆን ከዚያ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ፣ ከዓመት በኋላ ሲሆን ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ስሌቷ ያን ሁሉ ዘመን የኖረች፣ የተከበረች ሆና ሳለ ስለ ማራራቅ ትሳሳታለች። ፊሊፕ ፓቭሊክና አንደርሰን በ2005 የጃፓንኛና የእንግሊዝኛ ቃላት ጥንዶችን ያጠኑ ሰዎችን መረጃ ይዘው አስተካከሏት፤ አንድ ነገር ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ ሲደገም አዲሱ አሻራ ቶሎ እንዲደክም አደረጉ። ይህን ለውጥ በራሱ ሴል ውስጥ የጻፈ ተማሪ የፈተና ማግስት ሁሉም ነገር ለምን እንደሚጠፋበት በሒሳብ ያየዋል። ውድ ሶፍትዌር አላስፈለገም።

እነዚህ ሁሉ ያስተምራሉ ወይ? ስለ ማስተማሪያ ሲሙሌሽን በጅምላ የተደረገው ጥናት ለሻጮች የሚያስደስት አይደለም። የኔዘርላንዶቹ ቶን ደ ዮንግና ዎውተር ፋን ዮሊንገን በ1998 ያለውን ጥናት ገምግመው የደረሱበት ሲሙሌሽን ለብቻው ተሰጥቶ የሚያስገኘው ውጤት የተዘበራረቀ መሆኑን ነው። ተማሪዎች መላምት ማቅረብ ይከብዳቸዋል፤ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ያዞራሉ፤ ግራፉን እንደፈለጉ ይተረጉማሉ። ማንኛውም የቤተ ሙከራ መምህር ይህን ሳያነብ ያውቀዋል።

ለትውስታ ትምህርት ይበልጥ የሚቀርበው ዳንኤል ሽዋርትዝና ጆን ብራንስፎርድ በዚያው ዓመት ያሳተሙት ሥራ ነው። የሚማሩት ነገር ራሱ የትውስታ ሳይንስ ነበር። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ስለ ትውስታ ሙከራዎች የተጻፈ ጽሑፍ አሳጥረው ከጻፉ በኋላ ሌክቸር ሰሙ። ሌሎቹ የሙከራዎቹን መረጃ ራሳቸው እየመረመሩ ንድፉን ከፈለጉ በኋላ ያንኑ ሌክቸር ሰሙ። ሦስተኞቹ መረጃውን ሁለቴ መረመሩ፣ ሌክቸር ግን አልሰሙም። በኋላ ስለ አዲስ ሙከራ ውጤት ትንቢት እንዲሰጡ ሲጠየቁ የበለጡት የመረመሩም የሰሙም ናቸው። መመርመር ብቻ አልበቃም፣ መስማትም ብቻ አልበቃም። ሲሙሌሽን ከፍቶ ለተማሪ ሰጥቶ ሻይ ለመጠጣት የሚወጣ መምህርና ኮምፒውተር ክፍሉን ቆልፎ በስላይድ የሚያስተምር መምህር እኩል ከስረዋል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ በ2006 ያደረጉት ሙከራ ላይ አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ 83 በመቶ ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን የፈተኑት 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40፣ ተፈታኞቹ 61 ሆኑ። ከሁሉም በራሳቸው ይተማመኑ የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። የሚንቀሳቀስ፣ የሚያምር፣ ቀለም ያለው ሲሙሌሽን መመልከት ደግሞ ደጋግሞ ከማንበብ ጋር አንድ ዓይነት ምቾት ይሰጣል። ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆናል፣ ሳምንቱ ሲሞላ ምንም የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቁልፉን ከመጫን በፊት ግምቱን በቀለም በወረቀት ላይ ማስጻፍ። እርሳስ አይሆንም፣ ይጠፋልና።

ጥርጣሬም ቦታ ይኑረው። ሳውል ስተርንበርግ በ1966 እንዳሳየው፣ ሰው በአእምሮው ከያዛቸው ጥቂት ቁጥሮች ውስጥ አንድ ቁጥር መኖር አለመኖሩን ለመመለስ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቁጥር 38 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ይህን አንድ በአንድ የሚፈትሽ ማሽን በደንብ ያስመስለዋል። ጄምስ ታውንሴንድ ግን ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈትሽ፣ ጉልበቱ ግን ውስን የሆነ ማሽንም ያንኑ መስመር እንደሚሠራ አሳየ። ግራፉ ገጠመ ማለት አሠራሩ ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ተማሪ ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያይበት ቦታ ጥቂት ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ተማሪዎች ስለ ትውስታ ለመጠየቅ ወደ ቻትቦት ይሄዳሉ። ኔልሰን ሊዩና ባልደረቦቹ በ2023 እንዳሳዩት የፈተኗቸው ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ከረጅም ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለውን ይበልጥ ይጠቀሙ ነበር፣ መሐሉ ይጠፋባቸው ነበር። ከቃላት ዝርዝር ውስጥ ሰውም የሚይዘው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው። ይህን አይቶ «እንደኛው ነው» ማለት የስተርንበርግን ትምህርት መርሳት ነው። ሙሬይ ግላንዘርና አኒታ ኩኒትዝ በ1966 ሰዎች ዝርዝሩን ከሰሙ በኋላ 30 ሴኮንድ እንዲቆጥሩ ሲያደርጓቸው የመጨረሻዎቹ ቃላት ጥቅም ጠፋ። ቻትቦትን ቁጠር ቢሉት ምን ይቀየራል? ሁለቱ ኩርባዎች የሚለያዩት እንዲህ እየጎረጎሩ ነው።

በአማርኛ የሚያስተምር ሰው ከተዘጋጁት መሣሪያዎች አብዛኞቹን ሲወስድ የቃላት ዝርዝሩን ራሱ መሥራት ይኖርበታል። ሮዲገርና ካትሊን ማክደርሞት በ1995 ያስታወቁት የሐሰት ትዝታ ፈተና ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ሙሽራ፣ ሚዜ፣ ድንኳን፣ ጠጅ፣ ጥሎሽ፣ ቀለበት፣ እልልታ፣ አማት፣ ሽማግሌ፣ መልስ። ተማሪዎቹ ሰምተው ትንሽ ቆይተው የያዙትን ይጻፉ፤ ማን «ሰርግ» ብሎ እንደጻፈ ይታይ። ዝርዝሩ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ግን አስቀድሞ ሌሎች ሰዎችን «ሰርግ ሲባል ምን ትዝ ይልሃል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ያ ሥራ ለተማሪዎቹ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይሁን። ውጤቱን ከላንስ ገመድ ጋር ሲያያይዙት ሁለቱ አንድ ታሪክ መሆናቸው ይገለጥላቸዋል።

ሌላው መሣሪያ ከዚህም ይቀርባል። የአብነት ተማሪ ማታ ማታ ያለ መጽሐፍ የቃል ትምህርቱን ይቀጽላል፤ ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ያዜማል፣ በመምህሩ ፊት ይወጣዋል። ዴቪድ ሩቢን በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ የቃል ትውፊት ዘመን የሚሻገረው ትርጉም፣ ዜማና ቤት መምቻ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ ነው ብሎ ተከራክሯል። እያንዳንዳቸው ብዙ ቃል ያስገባሉ፤ ሦስቱ ሲጋጠሙ ግን የሚያልፈው አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። ይህን ለማየት ኮምፒውተሩን እንደገና መክፈት ይቻላል። በላንስ ሰፈር ፈንታ የእንስሳት ስሞችና ሌሎች ቃላት ይግቡበት፣ ከዕድሜና ከትዳር ይልቅ ትርጉምና የመጨረሻ ድምፅ ይያያዙ። «የዱር እንስሳ» ብቻ ሲበራ ጅቡም፣ ዝሆኑም፣ ቀበሮውም እኩል ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። «በ‘በሳ’ የሚያልቅ» ብቻ ሲበራ «አበሳ»ም ይመጣል። ሁለቱ አብረው ሲበሩ፣ ስክሪኑ ላይ ብርሃኑ ገና ሳይረጋ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ «አንበሳ!» ብሎ ጮኋል።